ከወረቀቱ እስከ ሚዛኑ፦ ትንሽ አውሮፕላን እንደገና ሲመዘን

አንድ ትንሽ አውሮፕላን ወደ አየር ሲወጣ ይዟቸው መገኘት ካለበት ሰነዶች መካከል፣ ከምዝገባ ወረቀቱና ከበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀቱ ጋር አብሮ የሚቀመጥ፣ የክብደትና የሚዛን መዝገብ የሚባል ገጽ አለ። በዚህ ገጽ ላይ ከሁሉ የሚልቁት አኃዞች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አውሮፕላኑ ሰው፣ ዕቃና ለጉዞ የሚቃጠል ነዳጅ ሳይጫንበት የሚመዝነው ባዶ ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው የዚህ ክብደት ማዕከል፣ ማለትም አውሮፕላኑ በአንድ ነጥብ ላይ ቢንጠለጠል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል የሚቆምበት ስፍራ ነው። አብራሪው ስንት ሰው፣ ስንት ሻንጣና ስንት ሊትር ነዳጅ መጫን እንደሚችል የሚያሰላው በእነዚህ ሁለት አኃዞች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ መነሻው ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መደመርና ማባዛት ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግበት ስሕተቱን ተሸክሞ ይጓዛል እንጂ አያርመውም። ይሁን እንጂ ለአሥርተ ዓመታት አንድም ጊዜ ሚዛን ላይ ሳይወጡ፣ ክብደታቸው በወረቀት ላይ ብቻ ሲደመርና ሲቀነስ የኖረ የግል አውሮፕላኖች ብዙ ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ያ ወረቀት ከማሽኑ ጋር የሚታረቅበት ሥራ፣ ማለትም ዳግም ምዘናና ከእርሱ ጋር የሚሄደው የበረራ ዝግጅት ነው።

የክብደትና የሚዛን ጥያቄ ከበረራ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ኦርቪልና ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. በ1903 በሰሜን ካሮላይና ኪቲ ሆክ አጠገብ ያበረሩት አውሮፕላን ባዶውን 274 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ሞተሩ ከመሐል መስመሩ በስተቀኝ፣ በሆዱ ተኝቶ የሚያበረው ሰው ደግሞ በስተግራ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር፤ ሞተሩ ከወንድማማቾቹ ከየትኛውም ይከብድ ስለነበረም፣ የቀኙን ክንፍ ከግራው በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል በማስረዘም ልዩነቱን አካካሱት። በተከታዩ ዓመት በሠሩት አውሮፕላን ላይ አፍንጫው በአየር ላይ ሽቅብና ቁልቁል እያለ ሲያስቸግራቸው፣ ወደ 32 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ከፊት በኩል አስረው የክብደቱን ማዕከል ወደ ፊት ገፉት። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን አሠራር ከሥር መሠረቱ ቢለወጥም፣ ክብደት ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ክብደት የት ነው ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ እንደማይጠየቅ እነዚህ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ሥራ ያሳዩት እውነት አልተለወጠም።

ጥያቄው ዛሬ በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ምን መልክ እንደያዘ ለማየት ከሴስና 172 የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ የተሠራው ይህ ባለ አራት መቀመጫ፣ ክንፉ ከጣሪያው በላይ የተዘረጋ አውሮፕላን በታሪክ በብዛት በመመረት አቻ የለውም። ምርቱ ከ1986 እስከ 1996 ተቋርጦ ስለነበረ ዛሬም ከሚበሩት መካከል ብዙዎቹ ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው 172 ኤን የተባለው ዓይነት 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ሲነሣ ሊኖረው የሚፈቀደው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት 1,043 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ አኃዝ ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀንሶ የሚተርፈው የመጫን አቅሙ ይባላል፤ ሰውም፣ ሻንጣም፣ ነዳጅም የሚካፈሉት ይህንኑ ትርፍ ነው።

የመጀመሪያው አኃዝ ራሱ ሁልጊዜ ከሚዛን የመጣ አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች የሚያወጡትን እያንዳንዱን አውሮፕላን ሲመዝኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአንድ ዓይነት ምርት 10 በመቶውን ብቻ መዝነው አማካዩን ለቀሪው 90 በመቶ ይሰጣሉ። አውሮፕላኑ ለባለቤት ከተላለፈ በኋላም በየጊዜው ሬዲዮ ይቀየርለታል፣ አንቴና ይጨመርለታል፣ ምንጣፉና የመቀመጫው ልብስ ይታደሳል፤ መካኒኩም የተነሣውን ዕቃ ክብደት ቀንሶ፣ የገባውን ደምሮ አዲስ ባዶ ክብደት በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። ሕጉ የሚፈቅደው ይህ የስሌት መንገድ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ ስሌቱ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ መሆኑ ነው። አሮጌ ሬዲዮ ሲነሣ ከግድግዳው ጀርባ የቀረውን የሞተ ሽቦ፣ በቀድሞው ቀለም ላይ የተደረበውን አዲስ ቀለም፣ እርጥበት የጠጣውን የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ፣ በጭራው ጎድጓዳ ውስጥ የተጋገረውን አቧራና ቅባት፣ አልፎ አልፎም አይጥ በክንፉ ውስጥ የሠራችውን ጎጆ ማንም በመዝገብ ላይ አያሰፍራቸውም። በአሜሪካ የጥገና መመሪያ መሠረት ባዶ ክብደቱ ከ5,000 ፓውንድ በታች በሆነ አውሮፕላን ላይ የአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ለውጥ ከቁጥር ስለማይገባ፣ ብዙ ጥቃቅን ለውጦች እያንዳንዳቸው በሕጋዊ መንገድ ሳይጻፉ አልፈው በአንድነት ግን ከባድ ይሆናሉ። ያረጁ አውሮፕላኖች ሚዛን ላይ ሲወጡ ከወረቀታቸው ከብደው የሚገኙበት ምክንያት በአመዛኙ ይኸው ነው።

ሕግ ዳግም ምዘናን የሚያዝዘው ለሁሉም እኩል አይደለም። በአሜሪካ ደንብ መንገደኛ በክፍያ የሚያጓጉዙና ከአንድ በላይ ሞተር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ባዶ ክብደት ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በተደረገ እውነተኛ ምዘና ላይ የተመሠረተ መሆን ሲኖርበት፣ በአውሮፓ የንግድ በረራ አውሮፕላኖች በየግላቸው ክብደት የሚሰላላቸው ከሆነ በየአራት ዓመቱ፣ በአማካይ የቡድን ክብደት የሚሰላላቸው ከሆነ ደግሞ በየዘጠኝ ዓመቱ ይመዘናሉ። የግል ባለቤት ለራሱ የሚያበረው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ግን በአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ስለዚህም ዳግም ምዘናው ለባለቤቱና ለመካኒኩ ኅሊና የተተወ ሆኗል። ይህ ነፃነት በአብዛኛው ወጪ ለመቆጠብ ይውላል፤ ይሁንና የመጫን አቅሙ እጅግ ጠባብ የሆነውና ስሕተትን ለመሸከም ትርፍ የሌለው አውሮፕላን በትክክል ያ ትንሹ የግል አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ አዲስ ቀለም ሲቀባ፣ የመሣሪያ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ሲቀየር፣ ወይም መዝገቡ ከመነበብ ሲያልፍ መመዘን ተገቢ መሆኑን ብዙ መካኒኮች ይመክራሉ፤ ምክሩ ግዴታ ባይሆንም እንደ ግዴታ ሊታይ ይገባዋል።

ምዘናው የሚጀምረው ከሚዛኑ በፊት በውኃና በሳሙና ነው። አውሮፕላኑ ከውጭም ከውስጥም ታጥቦ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከመቀመጫ ሥር የተረሱ ካርታዎች፣ የዘይት ጣሳዎች፣ የመጎተቻ ዘንጉና ልዩ ልዩ ቁልፎች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከዚያም የአውሮፕላኑ የዕቃ ዝርዝር የተባለው ሰነድ ተይዞ፣ በውስጡ የተጻፈ እያንዳንዱ መሣሪያ በእርግጥ በቦታው መኖሩ፣ በቦታው ያለውም መጻፉ ይመሳከራል፤ ባዶ ክብደት ትርጉም የሚኖረው ባዶ ሲባል ምን ምን በውስጡ እንዳለ ሲታወቅ ነውና ይህ የዝርዝር ማመሳከር ከራሱ ከምዘናው የማያንስ ሥራ ነው። ነዳጁ ከጋኖቹ ሥር ባሉት ማስወገጃዎች እስከ መጨረሻው ይቀዳል፤ የሞተር ዘይቱ ግን እስከ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ጎማዎቹ በመመሪያው ልክ ይነፋሉ፤ ተንሸራታች መቀመጫዎቹ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ይሳባሉ፤ በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ያሉት ፍላፕ የተባሉት ታጣፊ ሳንቃዎች ይሰበሰባሉ፤ አውሮፕላኑን የሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችም ሁሉ በመሐል ቦታቸው እንዲቆሙ ይደረጋል። ዘይቱን በተመለከተ አሮጌ መዝገቦችን የሚያነብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ በቀደመው ደንብ የተፈቀዱ አውሮፕላኖች ባዶ ክብደት የሚቆጥረው ሊቀዳ የማይችለውን ጥቂት ዘይት ብቻ ሲሆን፣ የኋለኛው ደንብ ግን ሙሉውን ዘይት ስለሚያካትት፣ ሁለቱን ሳይለይ የሚያወዳድር ሰው ወደ 5 ኪሎ ከሚጠጋ ልዩነት ላይ ይወድቃል።

ሥራው የሚከናወነው በሀንጋር፣ ማለትም በተዘጋ የአውሮፕላን ማቆያ ውስጥ ነው። ክንፍ የተሠራው ነፋስን ወደ ማንሻ ኃይል ለመለወጥ ስለሆነ፣ በተከፈተ በር የሚገባ ቀላል ነፋስ እንኳ የሚዛኑን ንባብ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ትልልቆቹ በሮች ይዘጋሉ፣ ማራገቢያዎችም ይጠፋሉ። ዛሬ በአመዛኙ የሚሠራባቸው ሚዛኖች ከመሬት ጥቂት ከፍ የሚሉ ሦስት ጠፍጣፋ መድረኮች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው ሎድ ሴል የተባለው መሣሪያ አለ፤ ይህም ሸክም ሲያርፍበት በጣም በጥቂቱ የሚለጠጥና ከመለጠጡ ጋር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚለወጥ ስስ ሽቦ የተለጠፈበት ብረት ነው። ይህን የሽቦ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1938 ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በየፊናቸው የደረሱበት ሲሆን፣ ቀድሞ በከባድ የብረት ሚዛን ይሠራ የነበረውን ሥራ ሁለት ሰዎች በመኪና ጭነው ከአንዱ አየር ማረፊያ ወደ ሌላው ሊወስዱት የሚችሉት አድርጎታል። መድረኮቹ አስቀድመው በርተው እስኪሞቁ ይጠበቃል፣ ባዶ ሳሉም ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ ትክክለኛነታቸው በታወቀ ክብደት ተፈትኖ የተረጋገጠበት የምስክር ወረቀት ጊዜው ያላለፈ መሆኑንም መካኒኩ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።

አውሮፕላኑ በትንንሽ ተዳፋት ሳንቃዎች ላይ እየተገፋ ሦስቱም ጎማዎቹ በሦስቱ መድረኮች ላይ ካረፉ በኋላ፣ እንዳይንከባለል ታኮ ይደረግለትና ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ፍሬን ተይዞ ሲቆይ ጎማው በመድረኩ ላይ የጎን ጫና ስለሚፈጥር ንባቡ ይዛባልና። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕግሥት የሚጠይቀው የማስተካከል ሥራ ነው። በጭራው ግራ ጎን ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ ባስቀመጣቸው ሁለት ብሎኖች ላይ ውሃ ልክ ይጋደማል፤ አረፋው መሐል እስኪገባም የፊት ጎማው በጥቂቱ ይተነፍሳል ወይም የፊት እግሩ ዘንግ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። አውሮፕላኑ በበረራ ጊዜ እንደሚሆነው ካልተስተካከለ ርዝመቶቹ ሐሰት ይሆናሉ፤ አፍንጫው ጥቂት ቀና ቢል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ክብደት ይጨምራል፣ ማዕከሉም ካለበት ወደ ኋላ የራቀ መስሎ ይታያል። ሦስቱም ንባቦች ይመዘገባሉ፤ በመድረኮቹ ላይ ያረፉት የታኮዎቹ ክብደት ይቀነሳል፤ ጠንቃቃ መካኒክም አውሮፕላኑን አውርዶ፣ ሚዛኖቹን ወደ ዜሮ መልሶ እንደገና ይመዝነዋል።

ርዝመቱን ለመለካት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ግንበኛ ሁሉ የሚያውቃቸው ቱንቢ፣ ሲባጎና ጠመኔ ናቸው። በሴስና 172 ላይ ሁሉም ርቀት የሚቆጠርበት መነሻ መስመር ሞተሩን ከሰዎቹ ክፍል የሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ የፊት ገጽ ነው። ከዚህ ግድግዳ ቱንቢ ይወርድና ነጥቡ በወለሉ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ በሁለቱ ዋና ጎማዎች ማዕከል መካከል ሲባጎ ይወጠራል፤ የፊት ጎማው ማዕከልም እንዲሁ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከመነሻው እስከ አንድ ዕቃ ያለው ርቀት የዚያ ዕቃ ክንድ ሲባል፣ ክብደቱ በክንዱ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ደግሞ ሞመንት ይባላል፤ ሞመንት ዕቃው አውሮፕላኑን ለማዘንበል ያለውን ጉልበት የሚለካ ነው። ከግድግዳው ፊት የሚገኝ ዕቃ ክንዱ ከዜሮ በታች ስለሚሆን፣ በዚያ ያለው ባትሪ በቀላል ቢተካ የአውሮፕላኑ ማዕከል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በጭራው ውስጥ የተገጠመው የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ በከባድ ቢተካም ውጤቱ ወደዚያው ወደ ኋላ ነው።

አሠራሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፤ አኃዞቹ ለምሳሌ የተወሰዱና የአሜሪካ መካኒኮች ከሚጽፉበት ፓውንድና ኢንች ወደ ኪሎና ሴንቲ ሜትር የተመለሱ ናቸው። የግራው ጎማ 238፣ የቀኙ 236፣ የፊቱ 196 ኪሎ ቢመዝኑ ጠቅላላው 670 ኪሎ ይሆናል። ከግድግዳው እስከ ዋናዎቹ ጎማዎች 147 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ጎማው እስከ ዋናዎቹ ደግሞ 165 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 196 በ165 ተባዝቶ ለ670 ሲካፈል 48.3 ይመጣል፤ ይህም ከ147 ላይ ሲቀነስ የክብደቱ ማዕከል ከግድግዳው 98.7 ሴንቲ ሜትር ርቆ መገኘቱ ይታወቃል። በዚህ ላይ በጋኖቹ ሥር የሚቀርና ሞተሩ ሊጠቀምበት የማይችለው ነዳጅ፣ በዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ወደ 8 ኪሎ የሚሆነው፣ በ117 ሴንቲ ሜትር ክንድ ይደመራል፤ የመጨረሻው ባዶ ክብደትም 678 ኪሎ፣ ማዕከሉም 98.9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይጻፋል። አሮጌው ወረቀት 656 ኪሎ ይል ነበር እንበል፤ በወረቀቱና በሚዛኑ መካከል የ22 ኪሎ ልዩነት ተገኘ ማለት ነው።

22 ኪሎ ከአንድ ቶን አጠገብ ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ይህ አውሮፕላን በጉዞ ላይ በሰዓት ወደ 30 ሊትር ቤንዚን የሚያቃጥል ሲሆን፣ 30 ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን የሚመዝነው 22 ኪሎ ያህል ስለሆነ፣ በወረቀቱ ላይ የተደበቀው ስሕተት ልክ የአንድ ሰዓት ነዳጅ ነው። አሮጌው ወረቀት የመጫን አቅሙ 387 ኪሎ ነው ሲል ሚዛኑ 365 ነው ይላል። በቀድሞው ልማድ እያንዳንዱ ሰው 77 ኪሎ ተደርጎ ቢቆጠር፣ አራት ሰዎች 308 ኪሎ ወስደው ለነዳጅ የሚተርፈው በወረቀቱ 79፣ በሚዛኑ 57 ኪሎ ይሆናል፤ በሁለቱም ቢሆን 109 ኪሎ የሚመዝነውን ሙሉ ነዳጅ መጫን አይቻልም። አራቱ ሰዎች ዛሬ እንደሚታየው እያንዳንዳቸው 86 ኪሎ ቢሆኑ ደግሞ ሻንጣ ሳይታሰብ የሚተርፈው 21 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ፣ ከዚያም ውስጥ ሕጉ በቀን በረራ በመጠባበቂያነት እንዲተርፍ የሚያዝዘው የግማሽ ሰዓት ነዳጅ ይቀነሳል። ባለ አራት መቀመጫ የተባለ አውሮፕላን አራት ሰው ይዞ ሩቅ አገር ያደርሳል ማለት እንዳልሆነ ባለቤቱ በግልጽ የሚረዳው በዚህ ስሌት ፊት ነው።

በሰው ክብደት ላይ መገመት የሚያስከትለው አደጋ ከግል አውሮፕላን ዓለም ውጭ በአሳዛኝ ሁኔታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2003 በሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ከተማ የተነሣው ኤር ሚድዌስት በረራ ቁጥር 5481፣ ባለ 19 መንገደኛ ቢችክራፍት 1900ዲ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሎ ወዲያው ሲወድቅ በውስጡ የነበሩት 21 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪዎቹ ሁለት ምክንያቶች አንድ ላይ ተገናኝተው እንዳገኙ ገለጹ፤ አንደኛው አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው የጭራ ሳንቃ፣ ኢለቬተር የተባለው፣ በጥገና ጊዜ በተሳሳተ መንገድ መስተካከሉና ወደ ታች የሚያደርገው እንቅስቃሴ መገደቡ ሲሆን፣ ሁለተኛው የክብደቱ ማዕከል ከተፈቀደው የኋላ ወሰን በእጅጉ ማለፉ ነበር። የጭነት ስሌቱ የተሠራው ተሳፋሪዎቹን በመመዘን ሳይሆን በጸደቀ አማካይ ክብደት ሲሆን፣ አማካዩ ግን የዘመኑን ሰው አይወክልም ነበር፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ከዚያ በኋላ አማካዮቹን ከፍ አደረገ። ጥገናው ከተደረገ በኋላ ያው አውሮፕላን በዚያው ጉድለት ሌሎች በረራዎችን በደኅና አድርጎ ነበር፤ ያንን ጉድለት ወደ ሞት የለወጠው የጭነቱ አቀማመጥ ነው።

የማዕከሉ ቦታ ለምን ይህን ያህል እንደሚወስን አጋሰስ ጭኖ ዳገት የወጣ ሁሉ ይረዳዋል፤ ጭነቱ ከልኩ ባያልፍም ወደ ኋላ ከሸሸ እንስሳው የፊት እግሩ ይቀልበታል፣ ወደ ፊት ከተከመረ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ይደፋዋል። በ172 ኤን ላይ ከ885 ኪሎ ለማይበልጥ ክብደት ማዕከሉ ከግድግዳው ከ88.9 እስከ 120.1 ሴንቲ ሜትር ባለው መካከል መውደቅ ሲኖርበት፣ ክብደቱ ወደ 1,043 ኪሎ ሲያድግ የፊቱ ወሰን ቀስ በቀስ እየተገፋ እስከ 97.8 ይደርሳል። ማዕከሉ ከፊቱ ወሰን ካለፈ ጭራው አፍንጫውን ለመደገፍ አብዝቶ ወደ ታች መጫን ስላለበት፣ በማረፊያ ጊዜ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ አቅም ሊያንስ ይችላል። ከኋላው ወሰን ካለፈ ደግሞ አውሮፕላኑ በራሱ የመመለስ ባሕርዩን ያጣል፤ ስቶል የሚባለው ሁኔታ፣ ማለትም ክንፉ አየሩን ከልክ በላይ በቀና ማዕዘን ስለገጠመው የማንሻ ኃይሉ የሚወድቅበት ጊዜ ሲመጣ፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ መዳን የሚያስቸግር ወይም ጨርሶ የማይቻል ይሆናል። ከሁለቱ የከፋው የኋለኛው ነው።

በከፍታ ላይ ለሚበር ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ተጨማሪ ዋጋ አለው። የአዲስ አበባ ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ያለ ሲሆን፣ ቀኑ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሣ አውሮፕላኑ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ የአብራሪዎች ትምህርት ይህን የጥግግት ከፍታ ይለዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር እኩል ይሳሳሉ። በባሕር ጠለል ላይ በደቂቃ 235 ሜትር ያህል የሚወጣው 172 ኤን በዚህ ጊዜ የሚወጣው የዚያን ሲሶ ገደማ ነው። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ 3,028 ሜትር ከፍታ ካለው ከሌድቪል አየር ማረፊያ የሚነሡ አብራሪዎች በማለዳ መነሣትንና ነዳጅ ቀንሶ መጫንን እንደ ደንብ የያዙት ለዚህ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር በትንሽ አውሮፕላን በረራ የሚማር ተማሪም የክብደት ስሌቱን በባሕር ዳርቻ ካለ ተማሪ ይልቅ በጥብቅ ሊይዘው ይገባል። በቆላ ባሕር ዳርቻ ረጅም ማኮብኮቢያ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የ22 ኪሎ ስሕተት፣ በደጋ ላይ ከፊት ያለውን ኮረብታ በማለፍና ባለማለፍ መካከል ሊገባ ይችላል።

ምዘናው እንዳለቀ አውሮፕላኑ ገና ለበረራ ዝግጁ አይደለም። መካኒኩ አዲሱን ባዶ ክብደት፣ ማዕከሉንና የመጫን አቅሙን ጽፎ፣ ቀን አኑሮ በፈቃዱ ቁጥር ይፈርማል፤ አሮጌው ገጽ አይቀደድም፣ በሌላ መተካቱ ተጽፎበት በታሪክነት ይቆያል እንጂ። የምዘናው ምክንያት ትልቅ ለውጥ፣ ለምሳሌ የመሣሪያ ሰሌዳው መቀየር ከሆነ፣ ለዚሁ በተዘጋጀው ቅጽ 337 ተሞልቶ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሌላው በኦክላሆማ ሲቲ ላለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መዝገብ ቤት ይላካል። ብዙ ባለቤቶች ምዘናውን በየ12 ወሩ ከሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጋር ያገናኙታል፤ በዚህ ምርመራ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ አቅም ይለካል፣ የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል፣ ከመሪው እስከ ጭራው የሚሄዱት ኬብሎች ይዳሰሳሉ፣ ዝገት በመብራት ይታሰሳል። ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ለሚለው መልሱ ግልጽ ነው፤ ምዘናው መምጣት ያለበት ለምርመራው የተከፈቱት ክዳኖች ሁሉ ተመልሰው ከተገጠሙ በኋላ ነው።

ለምዘና ተብሎ የተነካ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው መመለሱ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። የፊት ጎማው ተንፍሶ ከነበረ በልኩ ይነፋል፣ የፊት እግሩ ዘንግም ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመለሳል። ጋኖቹ ሙሉ በሙሉ ተቀድተው ስለነበር እንደገና ከተሞሉ በኋላ ነዳጁ ከእያንዳንዱ ማስወገጃ በብርጭቆ ተቀድቶ ውኃና ቆሻሻ እንደሌለበት ይታያል፤ ከነዳጅ የሚከብደው ውኃ ወደ ሥር ይዘቅጣልና በአየር ላይ ሞተሩን የሚያጠፋው ያ የሥሩ ጠብታ ነው። መቀመጫዎቹ ወደ ፊት ተስበው ነበርና ሲመለሱ የመቆለፊያ ካስማቸው በሐዲዱ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ ይፈተሻል፤ በሴስና አውሮፕላኖች ላይ ሐዲዱና ካስማው አልቀው መቀመጫው በመነሻ ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አብራሪው መሪውን ይዞት ስለሚሄድ የደረሱ አደጋዎች፣ አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1987 አስገዳጅ የምርመራ መመሪያ እንዲያወጣና በ2011 እንዲያድሰው ምክንያት ሆነዋል። የመሪ ክፍሎቹም በመሐል ቦታቸው ታግተው ስለነበር ነፃ መሆናቸውና ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸው በዓይን እየታየ ይረጋገጣል። በኦሃዮ ዴይተን በራይት ፊልድ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 የወደቀው የቦይንግ ሞዴል 299 አደጋ የደረሰው የመሪ ክፍሎቹ መቆለፊያ ሳይፈታ በመነሣቱ ሲሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ውስጥ የሚገኘው በጽሑፍ የሰፈረ የቅድመ በረራ ማረጋገጫ ዝርዝር የተስፋፋውም ከዚያ አደጋ ወዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው አዲሱ አኃዝ አሮጌው በነበረበት ስፍራ ሁሉ መግባቱ ነው። በአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የናሙና ስሌት፣ ባለቤቱ በላስቲክ አሽጎ በበሩ ኪስ ያኖረው ሠንጠረዥ፣ አውሮፕላኑን በጋራ የሚጠቀሙ ሌሎች አብራሪዎች የያዙት ቅጂ ይታረማሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ዛሬ ብዙ አብራሪዎች ጭነታቸውን የሚያሰሉት በታብሌት ላይ በሚገኝ መተግበሪያ ስለሆነ፣ በዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ የገባው 656 በእያንዳንዱ ሰው መሣሪያ ላይ ተፈልጎ 678 እስኪሆን ድረስ፣ ክንዱም ወደ 98.9 እስኪለወጥ ድረስ የምዘናው ሥራ አልተጠናቀቀም።